ከሞተረኛው ጀርባ፣ ከባሕሩ ዳር

የአንባቢያን ጥያቄዎችና የአዘጋጆች መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ አንድ ዓይነት ጉዞ ይጠይቃሉ፦ ራስ ሳይነዱ፣ ልምድ ያለው ሞተረኛ እየነዳ፣ ከኋላው ወይም ከጎኑ ተቀምጦ የባሕር ዳርቻን መንገድ ስለመጎብኘት። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ሞተር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። በመልሶቻችን ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጭነት አይደለም። ሰውነቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሞተሩም አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ እሱም የሚማረው ሥራ አለው።

ጥያቄ፦ የምንሄድበት መንገድ ገደሉን እየታከከ የሚጠማዘዝ ነው ተብያለሁ። ሞተሩ ኩርባ ላይ ሲጋደም እኔ ምን ላድርግ? ሳላስበው ወደ ሌላኛው ጎን የምቃና ይመስለኛል።

መልስ፦ አብዛኛው ጀማሪ የሚያደርገው እሱኑ ነው፤ መደረግ የሌለበትም እሱ ነው። ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ኩርባን የሚዞረው በመጋደም ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሬዲየሱ 40 ሜትር የሆነ ኩርባ ቢገባ 26 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። ፍጥነቱን ወደ 40 ቢያወርድ ግን መጋደሙ ወደ 17 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ፍጥነቱ በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ መጋደሙ በሲሶ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። «እባክዎ ትንሽ ቀስ ይበሉልኝ» ብሎ መጠየቅ ያን ያህል ይጠቅማል፤ ሊያፍሩበት አይገባም።

እርስዎ ወደ ውጭ ሲቃኑ የሁለታችሁ ክብደት ወደ ውጭ ይሳባል። ሞተረኛው ያንኑ ኩርባ በዚያው ፍጥነት ለመዞር ሞተሩን ከወትሮው አብልጦ ለማጋደም ይገደዳል። ከልኩ ሲያልፍ መርገጫው አስፋልቱን ይፍቃል፤ ካልተጋደመ ደግሞ ሞተሩ መስመሩን ለቆ ወደ ኩርባው ውጭ ይወጣል። «ልርዳው» ብሎ ከሞተረኛው በላይ መጋደምም አይበጅም፤ ያልጠበቀው ክብደት በድንገት ስለሚመጣበት ሞተሩ ከታሰበው መስመር ወደ ውስጥ ይገባል።

መፍትሔው በዓይን ነው። ወደ ቀኝ በሚዞር ኩርባ በሞተረኛው ቀኝ ትከሻ በኩል፣ ወደ ግራ በሚዞር ኩርባ በግራ ትከሻው በኩል መንገዱን ወደፊት ይመልከቱ። ራስዎ ወደዚያ ሲዞር ወገብዎ ሳይታዘዝ በልኩ ይከተላል። ሌላ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። አስፋልቱን ቁልቁል ካዩ ግን ሰውነትዎ ይደርቃል፤ የደረቀ ተሳፋሪ ለነጂው ከከባድ ተሳፋሪ ይብስበታል።

እጅዎን በተመለከተ፦ የሞተረኛውን ወገብ ግራና ቀኝ ይያዙ፣ ወይም በመቀመጫው ጎን ያለውን መያዣ ብረት። ትከሻውንና ክንዱን አይያዙ፤ መሪውን የሚያዞረው በእነሱ ነው። ፍሬን ሲይዝ ሰውነትዎ ወደፊት ይወረወራል፤ የሁለታችሁ ሄልሜት የሚጋጨውም ያኔ ነው። ከመቀመጫው ጎን በጉልበትዎ አጥብቀው ቢይዙ ግፊቱን በከፊል እግርዎ ይሸከመዋል።

ስለ መውጣትና መውረድ ደግሞ፦ ሞተረኛው ሁለት እግሩን መሬት ተክሎ፣ ፍሬን ይዞ፣ «ይውጡ» እስኪል ይጠብቁ። አብዛኛው ሞተር የጎን ማቆሚያው በግራ ስለሆነ መውጫውም መውረጃውም በግራ በኩል ነው። ከመውጣትዎ በፊት ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የትኛው ጎን እንደሆነ ያስተውሉ፤ በቀጭን ሱሪ ባታቸውን የሚቃጠሉት ሲወርዱ ነው። መብራት ላይ ሲቆሙ እግርዎን ከመርገጫው አያውርዱ። ሞተሩን የሚደግፈው የነጂው እግር ብቻ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ሞተር ከነተሳፋሪው በቀላሉ የሚወድቀው በፍጥነት ሲሄድ አይደለም፤ የእይታ ቦታ ላይ ለመቆም ጠጠር ላይ ሲያዘግም ወይም ሙሉ ዙር ሲዞር ነው። በዚያች ቅጽበት ባሕሩ ከጀርባዎ ቢያምርም ዞር አይበሉ። ቁጭ እንዳሉ ጸጥ ይበሉ፤ እስኪቆም ድረስ።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ባለ ሁለት ጎማ፣ ባለ ሦስት ጎማና ሳይድካር ያለው ሞተር አሉ ተባልን። የትኛው ይሻላታል?

መልስ፦ ለታመመ ጉልበት ዋናው ጥያቄ «ሲቀመጡ ምን ያህል ይታጠፋል?» እና «እንዴት ይወጣበታል?» የሚለው ነው።

ለረጅም ጉዞ የተሠሩ ትላልቅ ባለ ሁለት ጎማ ሞተሮች፣ እንደ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ያሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ለተሳፋሪው የጀርባ፣ አንዳንዴም የክንድ መደገፊያ አላቸው፤ ጉልበትም በጣም አይታጠፍም። ችግሩ መውጣቱ ላይ ነው። መቀመጫው ከፍ ያለ ነው፤ ከኋላው ደግሞ የዕቃ ሳጥን ስላለ እግርን በሳጥኑና በነጂው መካከል አሻግሮ ማሳለፍ ይጠይቃል። በአንድ እግር መርገጫ ላይ መቆም ካልቻሉ አይሆንላቸውም። ለፍጥነት የተሠራ ሞተር ከሆነ ጭራሽ አይሞክሩት፤ የኋላ መርገጫው ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ጉልበት ወደ ደረት ይጠጋል።

ሳይድካር ከሞተሩ ጎን የተገጠመ ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ ነው። እግር ይዘረጋል፤ ነፋሱም ይቀንሳል። ነገር ግን መቀመጫው ዝቅተኛ ስለሆነ ከውስጡ መነሣት ከዝቅተኛ ሶፋ እንደ መነሣት ነው፤ እጅ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ሌላም ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ። ዓይን ዝቅ ስለሚል በመንገዱ ጠርዝ ላይ ያለው የድንጋይ አጥር ባሕሩን ሊጋርድ ይችላል። መንገዱ በድንጋይ አጥር የታጠረ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይጠይቁ።

ባለ ሦስት ጎማው ከኋላ ሁለት ጎማ ያለው ነው፤ በጽሑፍዎ ላይ ተመሥርተን ለእናትዎ የምንመርጠው እሱን ነው። ሲቆም አይወድቅም፣ መቀመጫው ሰፊ ነው፣ ከፍታውም ከአጥሩ በላይ ያሳያል። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለው። አንደኛ፣ አብዛኛው ባለ ሦስት ጎማ ኩርባ ላይ አይጋደምም፤ እንደ መኪና ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ የክንድ መደገፊያ ወይም የጎን መያዣ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። የኋላ ጎማው ከተሳፋሪው እግር ኋላ፣ በጎን በኩል ነው። እየሄደ እግር ወደ መሬት ከወረደ ጎማው ሊወጣበት ይችላል። ባለ ሁለት ጎማ የለመደ ሰው ሲቆም እግሩን ዘርጋ የማድረግ ልማድ ስላለው እንዲያውም ይብሳል። እግር ከመርገጫው አይነሣም፤ ይህ ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ የምንሄደው በሞቃት ወር ነው። ወፍራም ጃኬት መልበስ ለምን ያስፈልጋል? ሄልሜቱንስ ከአስጎብኚዎቹ ብወስድ ይበቃል?

መልስ፦ ጃኬቱ ለሁለት ነገር ነው። አንዱ ለውድቀት ነው። ተራ ጂንስ አስፋልት ላይ ሲንሸራተት በቅጽበት ይቀደዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚፋቀው ቆዳ ነው። ክርንና ትከሻ ላይ መከላከያ ያለው የሞተር ጃኬት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና ጠንካራ ረጅም ሱሪ ትንሹ መስፈርት ነው። በአውሮፓ ደረጃ የሞተር ልብስ ከፍተኛው «ኤኤኤ» (AAA)፣ ቀጥሎ «ኤኤ» (AA)፣ ከዚያ «ኤ» (A) ይባላል፤ ምልክቱ በውስጥ በኩል ይሰፋል። ለሞቃት ወር ወንፊት ጨርቅ ያለው ጃኬት አለ፤ ነፋስ ያስገባል፣ መከላከያውም አይቀርበትም።

ሌላው ለብርድ ነው። ጠዋት አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ ገላ ላይ የሚሰማው ቅዝቃዜ 4 ዲግሪ ያህል ነው። ዋሻና ጥላ ያለው ሸለቆ ሲጨመርበት ይብሳል። የበረደው ተሳፋሪ ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ሰው ደግሞ ከኩርባው ጋር አይሄድም። ከጃኬቱ ሥር የሚለበስ ስስ የነፋስ መከላከያ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡ። ሻርፕ፣ የሚንጠለጠል ቀበቶና ሰፊ ቀሚስ ግን ይቅሩ፤ ካቴናው ወይም የኋላ ጎማው ከጎተታቸው የሚመጣው ጉዳት ከባድ ነው።

ሄልሜትን በተመለከተ የብዙ ጥናቶች ድምር ውጤት ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ግን ልክ ለሆነ ሄልሜት ነው። ከቅንድብ በላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው የራስዎን ዙሪያ በሜትር ይለኩና ቁጥሩን ቀድመው ይላኩላቸው። ሲያጠልቁት ጉንጭ ጫን መደረግ አለበት። የአገጩን ማሰሪያ ቆልፈው ከኋላ ጠርዙን ይዞ ወደፊት የሚገለብጥ ሰው ይፈልጉ፤ ከራስዎ ላይ ከወጣ አይሆንም። በማሰሪያውና በአገጭዎ መካከል ሁለት ጣት ብቻ ይግባ። ማሰሪያው ላይ ክብ ውስጥ ያለ «ኢ» (E፣ የአውሮፓ ደረጃ) ወይም በጀርባው ላይ «ዲኦቲ» (DOT፣ የአሜሪካ ደረጃ) የሚል ምልክት ይፈልጉ። አንዴ የተጋጨ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ስለዚህ ስንጥቅ ወይም ጥልቅ ጭረት ካዩበት ሌላ ይጠይቁ። ብዙ ሰው ያጠለቀውን ስለሚያጠልቁ ስስ የጥጥ ቆብ ከሥር ማድረግ ለንጽሕና ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ መንገዱን ከየትኛው ጫፍ ብጀምር፣ በስንት ሰዓትስ ብሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ብዙ ጎብኚ ሳያስብበት የሚያልፈው ጥያቄ ይህ ነው፤ ጉዞውን ከምንም በላይ የሚለውጠውም እሱ ነው። ትራፊክ በቀኝ በሚሄድበት አገር ባሕሩ በቀኝዎ፣ በግራ በሚሄድበት አገር በግራዎ እንዲሆን ያድርጉ። ያኔ በእርስዎና በውኃው መካከል ሌላ መኪና አይኖርም። የእይታ ቦታዎችም በዚያው ጎን ስለሚሆኑ ሞተረኛው ለመቆም ተቃራኒውን መስመር አይቆርጥም። ኩርባ ላይ ወደ ግራና ቀኝ መቁረጥ ደግሞ በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ እጅግ አስጊው ሥራ ነው።

በዚህ ስሌት የካሊፎርኒያን አንደኛ አውራ ጎዳና ከሰሜን ወደ ደቡብ መጓዝ ይሻላል። በጣሊያን ከፖዚታኖ ወደ አማልፊ፣ በቬትናም ደግሞ የሃይ ቫንን መተላለፊያ ከዳ ናንግ ተነሥቶ ወደ ሰሜን። የሃይ ቫን መንገድ ለሞተር የተመቸበት ምክንያት አለው፤ በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሥሩ ዋሻ ስለተከፈተ አብዛኛው መኪና ላይኛውን መንገድ ትቶታል። ትራፊክ በግራ በሚሄድባት አውስትራሊያ ግሬት ኦሽን ሮድን ከቶርኪ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ነው። ይህን መንገድ ከ1919 እስከ 1932 ድረስ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በዶማና በአካፋ ስለሠሩት እያንዳንዱን ገደል እየተከተለ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ኩርባው የማያቋርጥ መሆኑን አውቀው ይግቡ። በኬፕ ታውን አጠገብ ያለውን የቻፕማንስ ፒክ መንገድ ከኖርድሁክ ወደ ሃውት ቤይ ይሂዱበት።

ከፍታ የሚያስፈራዎ ከሆነ ግን ይህንኑ ገልብጠው ይውሰዱት። ለባሕሩ የቀረበው መስመር ለገደሉም የቀረበ ነው። በተራራው በኩል ሲሄዱ እይታው በአንድ መስመር ይርቃል እንጂ አይጠፋም።

ሰዓቱን በተመለከተ ጠዋት ይመረጣል። ፀሐይ ምድሩን ከባሕሩ ቀድማ ታሞቀዋለች፤ በምድሩ ላይ ያለው አየር ሲወጣ የባሕሩ ቀዝቃዛ አየር በቦታው ይገባል። ይህ ነፋስ ረፋድ ላይ ይነሣና ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ለሞተር ደግሞ ከጎን የሚመታ ነፋስ ነው። ከዋሻ አፍ፣ ከተቆረጠ ኮረብታ መጨረሻና ከድልድይ ላይ በድንገት ይመጣል። በዚያን ጊዜ ከነጂው ጋር ተጠግተው ይቀመጡ፤ እጅዎን ለፎቶ አያንሡ፤ ያዘሉት ቦርሳ ካለ ማሰሪያው ይጥበቅ። ይህ የጠዋት ሕግ የማይሠራባቸው ቦታዎችም አሉ። የካሊፎርኒያ ጠረፍ በበጋ ጠዋት በጭጋግ ይሸፈናል፤ እዚያ ጭጋጉ እስኪነሣ መጠበቅ ያዋጣል። ወደ ምዕራብ የሚያይ ጠረፍ ላይ ደግሞ አመሻሹ ሲያምር ዝቅ ያለችው ፀሐይ የነጂውን ዓይን ትመታለች፤ ስለዚህ የጀንበር መጥለቂያውን ቆመው ይዩት፣ እየሄዱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ክፍያ ከመፈጸሜ በፊት አስጎብኚውን ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ኢንሹራንሱን። የግል ሞተር ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ በክፍያ ሰው ማጓጓዝን አይሸፍንም። ስለዚህ «ኢንሹራንስ አለን» የሚለው መልስ አይበቃም፤ ከፍሎ የሚሳፈር ሰውን ይሸፍናል ወይ ብለው ይጠይቁና ወረቀቱን ይዩ። የእርስዎን የጉዞ ኢንሹራንስም ይመርምሩ። ብዙ ውሎች ከተወሰነ የሞተር መጠን በላይ፣ ለምሳሌ ከ125 ሲሲ በላይ፣ ያለውን ይከለክላሉ ወይም ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ተሳፋሪን በተመለከተ ያላቸውን አቋም በጽሑፍ ያስመልሱ።

ቀጥሎ ክብደትዎን ሳያፍሩ ይናገሩ። እያንዳንዱ ሞተር የሚችለው ጭነት በመጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ 190 ኪሎ ግራም የሚችል ሞተር 90 ኪሎ ነጂና 15 ኪሎ ዕቃ ከያዘ ለተሳፋሪ የሚቀረው 85 ነው። በተጨማሪም ሁለት ሰው ሲጫን የኋላ ጎማው አየር ከፍ መደረግ፣ የኋላው ሞላም መጠንከር አለበት። ይህ ካልተደረገ የሞተሩ ኋላ ይወርዳል፤ መሪው ይቀላል፣ የፊት መብራቱም ወደ ሰማይ ያያል። «ለእኔ ክብደት አስተካክላችሁታል?» ብሎ የሚጠይቅ ተሳፋሪ መልሱን ሰምቶ ብቻ ስለ ነጂው ብዙ ያውቃል።

ያለ ዕረፍት ስንት ደቂቃ እንደሚነዱም ይጠይቁ። ለጀማሪ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል። ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ጉዞ ከመያዝዎ በፊት የሁለት ሰዓቱን ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ስልኬን መሪው ላይ ገጥመው ቪዲዮ ይቅረጹልኝ ብላቸው ይሆናል?

መልስ፦ አይመከርም። አፕል በ2021 ባወጣው ማሳሰቢያ ከትላልቅ የሞተር ሳይክል ሞተሮች በመሪው በኩል የሚመጣ ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል ገልጿል። ምስልን የሚያረጋጋው ጥቃቅን ክፍል ነው የሚጎዳው። በስልክዎ ከኋላ ሆነው መቅረጽ ከፈለጉ አንገት ላይ ሳይሆን እጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ገመድ ያድርጉለት፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ብቻ፣ ነጂውን አስቀድመው አስታውቀው። ከሁሉ የሚሻለው ደረት ላይ የሚታሰር ትንሽ ካሜራ ነው፤ ሁለቱም እጅ ነፃ ይሆናል።

ጨው ያዘለው የባሕር ርጭት የካሜራውን መስታወትም የሄልሜቱንም ያደበዝዛል። በደረቅ ጨርቅ አይጥረጉት፤ የጨው ቅንጣቱ ይጭረዋል። መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ያርሱት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ።

ጥያቄ፦ ጠመዝማዛ መንገድ ያጥወለውለኛል። ክኒን ልውሰድ?

መልስ፦ ብዙዎቹ የማጥወልወል መከላከያ ክኒኖች እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ከኋላ ያንቀላፋ ተሳፋሪ ደግሞ ይወድቃል። የማያስተኛ ካለ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ያማክሩ። ሞተር ላይ ከመኪና ውስጥ ይልቅ ማጥወልወሉ የሚቀንስላቸው ብዙ ናቸው፤ ዓይን መንገዱን ስለሚያይና አየር ስለማያጣ። ሆድዎን ባዶም ጢም ብሎ የሞላም አያድርጉት፤ አድማሱን ይመልከቱ። አልኮል ለተሳፋሪም ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ እየሄድን እንዴት እንነጋገራለን? ጩኸቱስ ጆሮ አይጎዳም?

መልስ፦ ሄልሜት ውስጥ የሚገጠም ኢንተርኮም ካላቸው ያስገጥሙ። ከሌለ ምልክት ይስማሙ፦ አንድ ጊዜ ትከሻ መንካት «ቀስ ይበሉ»፣ ሁለት ጊዜ «በሚቀጥለው ደህና ቦታ ይቁሙ»፣ ደጋግሞ መንካት «አሁኑኑ»። ምልክቱ በቀጥታ መንገድ ላይ ይሰጥ፣ ኩርባ መካከል አይደለም።

ጩኸቱ ከሞተሩ ይልቅ ከነፋሱ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሄልሜት ውስጥ ከ90 ዴሲቤል ያልፋል። ተጠቅልሎ ጆሮ ውስጥ የሚገባ የስፖንጅ መድፈኛ ያድርጉ፤ የነፋሱን ጩኸት ይቀንሳል እንጂ ክላክስ አይከለክልም።

ጥያቄ፦ ዝናብ ቢመጣ ወይም መንገዱ ቢዘጋስ?

መልስ፦ የገደል መንገድ ይዘጋል፤ ይህን አስቀድመው ይቀበሉት። ቻፕማንስ ፒክ በድንጋይ ናዳ ምክንያት በ2000 ተዘግቶ መከላከያ መረብ ተሠርቶለት የተከፈተው በ2003 ነው። የካሊፎርኒያው መንገድም በግንቦት 2017 በናዳ ተቀብሮ እስከ ሐምሌ 2018 ድረስ ተቆርጦ ቆይቷል። ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት የመንገድ ባለሥልጣኑን ማስታወቂያ ማየት፣ ተለዋጭ መንገድ ማዘጋጀትና መንገዱ ቢዘጋ ገንዘብ እንደሚመለስ ወይም ቀኑ እንደሚቀየር በውሉ ላይ ማጻፍ ያስፈልጋል።

ቀላል ዝናብ ብቻውን ጉዞ አያሰርዝም። የሚያንሸራትተው የዝናቡ መጀመሪያ ነው፤ ደረቁ አስፋልት ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ይላወሳል። መጠለያ ባለበት ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይህን ያሳልፋል። ዝናቡ ቆሞ ከዳገቱ የወረደ ጠጠርና አሸዋ ኩርባ ላይ ካለ ግን ሞተረኛው ፍጥነቱን ሲቀንስ አይገፋፉት። ጉዞውን የማቆም ውሳኔም የእሱ ነው። የከፈሉበትን እይታ ላለማጣት «ትንሽ እንቀጥል» ብለው የሚለምኑ ተሳፋሪዎች አሉ፤ ልምድ ያለው ነጂ እምቢ ይላል፣ እምቢ ሲልም ሊመሰገን ይገባል።